ተግሣጹን ሳናነሳላቸው ያጣናቸው መምህርት

ለትምህርት ቤታችን መምህራን፣ ሠራተኞችና ተማሪዎች፤ ለቀድሞ ተመራቂዎቻችን፤ ለሕግ ባለሙያዎችና ይህ መግለጫ ለሚደርሳቸው ሁሉ

የሕግ ትምህርት ቤታችን የቤተ መጻሕፍት ኃላፊና የሕግ ምርምር ዘዴ መምህርት የነበሩት፣ ተማሪዎቻቸው «እትዬ ማስረጃ» እያሉ የሚጠሯቸው ባልደረባችን፣ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ለረጅም ጊዜ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ሳምንት በታናሽ እህታቸው ቤት አርፈዋል። የአካዳሚክ ጉባኤው በእጅጉ አዝኗል። ከሀዘኑ ጋር ግን ሌላም ስሜት አለብን፤ እሱን ሸፍነን ሀዘናችንን ብቻ ብንገልጽ እውነቱን ከፍሎ መናገር ይሆንብናል። አፍረናል።

ጉባኤው መጀመሪያ ያዘጋጀው መግለጫ ይህ አልነበረም። የመጀመሪያው ረቂቅ እንደተለመደው «ታታሪ፣ ትሑት፣ ለሙያቸው ሟች» የሚል ነበር። የትምህርት ቤቱ ዲን ረቂቁን ይዘው ለቅሶ ለመድረስ ሄዱ። የሟቿ ታናሽ እህት የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ናቸው። ወረቀቱን እንደ ቆሙ እስከ መጨረሻው አነበቡትና አጥፈው መለሱት።

«ይህቺ ማን ናት?» አሉ።

ዲኑ ግራ ተጋብተው «እህትዎ ናቸው እንጂ» ሲሉ መለሱ።

«እኔ አላውቃትም። እህቴ ትሑት አልነበረችም፤ ስትናደድ በር ታናጋ ነበር። ምን እንዳደረጋችኋት እኔም አውቃለሁ፣ እናንተም ታውቃላችሁ። ወይ የሆነውን ጻፉ፣ ወይ ዝም በሉ። ዝምታው እንኳ ከዚህ ይሻላል።»

ዲኑ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። ጉባኤው ሲሰበሰብ ዝምታውን ሊመርጥ ምንም አልቀረውም ነበር። «በመሥሪያ ቤት ማኅተም የራስን ነውር ማውጣት የት አገር የተለመደ ነው?» ያሉ አባላት ነበሩ። በመጨረሻ የሆነውን ለመጻፍ ተስማማን። የሚከተለው የአገልግሎታቸውና የእኛ ሥራ ዘገባ ነው።

ባልደረባችን ወደ ትምህርት ቤታችን ከመምጣታቸው በፊት ሕግ ተምረው በጥብቅና ሠርተዋል። በኋላ የቤተ መጻሕፍት ሙያን በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ አጥንተዋል። የጥብቅና ካባቸውን የሰቀሉበትን ምክንያት የጠየቋቸው ሰዎች ሁልጊዜ አንድ መልስ ነበር የሚያገኙት፦ «ችሎት ላይ የሚናገር ሞልቷል። የሚፈልግ ነው የጠፋው።» ሥራ በጀመሩበት ዓመት በሕግ ቤተ መጻሕፍታችን ማእዘን፣ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጀርባ፣ በካርቶን ታጭቀው የተከመሩትን የሕግ ማሻሻያዎች አወጡ። እያንዳንዱን ማሻሻያ ከሚያሻሽለው ሕግ አጠገብ፣ ቆሞ ለሚያነብ ሰው በዓይን ትክክል ባለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡ። ይህን የምንጠቅሰው በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

በሁለተኛው ዓመት የሕግ ምርምር ዘዴ ኮርስ ተሰጣቸው። በትልቁ አዳራሽ ማስተማር ጀመሩ፤ ጨዋታ አዋቂ ነበሩና ተማሪው ወደዳቸው። በተማሪዎች ግምገማ አንደኛ ወጡ። ትምህርት ቤቱም የዓመቱ ምርጥ መምህርት ብሎ ሸለማቸው።

ሽልማቱን ከተቀበሉ ብዙም ሳይቆዩ ማንም ያልጠየቃቸውን አደረጉ። ኮርሱን በጥሩ ውጤት ያለፉ ተማሪዎች ከእረፍት ሲመለሱ ጠርተው አንድ ተራ ጥያቄ ሰጧቸው፦ አንድ ተከራይ ቤት ልቀቅ ተብሏል፤ በዚህ ጉዳይ ዛሬ የሚሠራው ሕግ የትኛው ነው? አብዛኞቹ የተሻረውን ሕግ ይዘው መጡ። አንዳንዶቹ ፍለጋውን ከየት እንደሚጀምሩ እንኳ አላወቁም። ከጥቂት ወራት በፊት ይህንኑ ነገር በፈተና ላይ ጥርት አድርገው የጻፉ ልጆች ናቸው።

መምህርቷ ውጤቱን ይዘው ጉባኤው ፊት ቀረቡ። «የተሸለምኩበት ትምህርት ተማሪው ዘንድ የለም» አሉ። «አሳቅኳቸው፣ አጨበጨቡልኝ፣ ረሱት።»

ሳቅንባቸው። አንድ የጉባኤው አባል «ተማሪ ሲረሳ ራሱን የሚከስ መምህር ገና ዛሬ አየሁ» አሉ። ሌላው ደግሞ «እኛም ያስተማርነው ቢፈተን ጉድ ይፈላል፤ ባይሆን ተይው» ብለው አሾፉ። እሳቸው አልሳቁም። «እኮ! ይፈተን ነው የምለው። እኛ እዚህ ቤት ማስረጃ የሌለው ክስ ውድቅ ነው እያልን እናስተምራለን። ጥሩ አስተማሪ ነኝ የምንለውስ በምን ማስረጃ ነው?» አሉ። ቅጽል ስማቸው ከዚያ ቀን በኋላ ወጣላቸው።

በአራተኛው ዓመት በጉባኤው ፈቃድ ተማሪዎቹን በሁለት ክፍል ከፈሉ። አንዱን ክፍል እንደ ድሮው በንግግር አስተማሩ። ለሌላው ክፍል የሚናገሩት ጥቂት ነበር። በመጀመሪያ መምህርቷ አንድ ጉዳይ ራሳቸው እየፈለጉ፣ የሚያስቡትንም ጮክ ብለው እየተናገሩ ከመነሻ እስከ መድረሻ ያሳዩዋቸው ነበር። ቀጥሎ ተማሪው ተመሳሳይ ጉዳይ ይሠራል፤ ሲሳሳት እዚያው ይታረማል። በሳምንቱ መጽሐፉን ሳይገልጥ የተማረውን ከራሱ አውጥቶ እንዲናገር ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ ጉዳዮቹ ይደባለቃሉ፦ ዛሬ ኪራይ፣ ነገ ውርስ፣ ከዚያ ተመልሶ ኪራይ። ከወራት በኋላ ሁለቱም ክፍሎች ባልጠበቁት ቀን ተፈተኑ። በሥራ የተማረው ክፍል በሰፊ ልዩነት በለጠ።

ይሁን እንጂ ይኸው የበለጠው ክፍል መምህርቷን በግምገማው መጨረሻ ደረጃ ላይ ጣላቸው። ተማሪዎቹ «አታስተምርም፤ እኛን ነው የምታሠራው» ብለው ጻፉ። «መልሱን እያወቀች ታስለፋናለች» ያሉም ነበሩ። መምህርቷ ይህንንም ሳይደብቁ ለጉባኤው አቀረቡ። «ሲማር የደከመው ልጅ ያልተማረ ይመስለዋል። ሲያዳምጥ የዋለው ደግሞ የገባው ይመስለዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ፈተናውን እዩት» አሉ።

ፈተናውን አላየንም። ያየነው ግምገማውን ነው። ኮርሱን ወስደን ለውል ሕግ መምህራችን ሰጠን። እሳቸው በእውነት አንደበተ ርቱዕ ናቸው፤ የግርጌ ማስታወሻ ሲያነቡ እንኳ ተማሪ ያስቃሉ። አዳራሹ ሞላ፣ ግምገማው ከፍ አለ፣ እኛም እፎይ አልን። መምህርቷ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ተመለሱ። ከመስኮቱ ሥር ባለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ከሰዓት በኋላ ለሚመጣ ሁሉ፣ ክሬዲትም ሆነ ክፍያ ሳይኖረው፣ በዚያው ዘዴ ማስተማራቸውን ቀጠሉ። መጀመሪያ የሚመጡት ጥቂቶች ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ ለጓደኛው «መጽሐፍ ስጡኝ አልኳቸው፣ ጥያቄ ሰጡኝ» ብሎ ሲያማቸው መምህርቷ ሰምተው ለቀናት ሲስቁበት እንደ ነበር ምክትላቸው ነግረውናል።

በዘጠነኛው ዓመት የሚከተለው ሆነ።

የውል ሕግ መምህሩ ኮርሱን በአዳራሹ ባስተማሩበት ዘመን ከእኛ የተመረቀ አንድ ወጣት ጠበቃ ለአንዲት ልብስ ሰፊ እናት ቆመ። ባላቸው ሞተውባቸው፣ የባላቸው ወንድም ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ከሚኖሩበት ቤት እንዲለቁ አስፈርዶባቸዋል። ጠበቃው ይግባኝ አዘጋጀ። የይግባኙን ጊዜ የቆጠረው ግን በቀድሞው ሕግ ነበር። ጊዜው በማሻሻያ እንዳጠረ አላወቀም። ማመልከቻውን ይዞ ሲቀርብ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ «ወንድሜ፣ ጊዜው አልፏል» ብለው መለሱለት። ጉዳዩን የሰሙ አንድ ዳኛ በችሎት «ለመሆኑ ይህ ልጅ የት ነው የተማረው?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ሲዞር ሲዞር እኛ ግቢ ደረሰ።

ጉባኤው ተቆጥቶ ተሰበሰበ። ማን አስተማረው ብለን አልጠየቅንም፤ መልሱን እናውቀው ነበር። «ቤተ መጻሕፍቱ ማሻሻያዎችን በወቅቱ አላሳወቀም» ብለን ወሰንን። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። በኃላፊዋ ላይ ተግሣጽ ተጽፎ በጠቅላላ የሠራተኞች ስብሰባ ላይ፣ እሳቸው በተቀመጡበት፣ በድምፅ ማጉያ ተነበበ።

ሲያበቃ መምህርቷ ተነሡ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነበር። «ማሻሻያው ታች ቤት መደርደሪያው ላይ ነው፣ ከሕጉ አጠገብ። ካስቀመጥኩት ቆይቷል። አሁኑኑ ወርደን ማየት እንችላለን» አሉ።

ከአዳራሹ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ አንድ ደረጃ መውረድ ብቻ ነው። ማንም አልተነሣም። ጥቂት ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ተቀመጡ። ሰብሳቢው «ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ» አሉ።

በዚያ ሳምንት ወጣቱ ጠበቃ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መጣ። ከዚህ በታች የተጻፈውን እሱና የመምህርቷ ምክትል ለጉባኤው እንደ ነገሩት አስፍረነዋል። በሩ ላይ ቆሞ መግባት አቅቶት ነበር።

«ምነው ልጄ፣ ግባ እንጂ። በሩን ዘጋኸው» አሉት።

«እትዬ፣ እርስዎን ያስወቀስኩት እኔ ነኝ።»

«እኔን ተወኝ። ሴትዮዋ እንዴት ናቸው?»

«ዕቃቸውን እየጠቀለሉ ነው።»

«እንግዲያው ምን ትቆማለህ! ተቀመጥ። ጊዜ ያለፈበት ይግባኝ ጨርሶ አይታይም የሚለው ማነው?»

«መዝገብ ቤት...»

«መዝገብ ቤት ሕግ አይደለም። ፈልግ።»

ጠበቃው የት እንደሚፈልግ እንዲነግሩት ለመናቸው። እምቢ አሉ። «እኔ ካገኘሁት የእኔ ነው። ነገ ሌላ ችሎት ላይ እኔ የለሁልህም» አሉት። ለሁለት ቀናት ከሰዓት በኋላ አጠገቡ ተቀምጠው ሲሳሳት ብቻ እየመለሱት አብረውት ዋሉ። በበቂ ምክንያት የዘገየ ይግባኝ በፈቃድ ሊታይ ይችላል የሚለውን ድንጋጌ አገኘ። ቀጥሎ ራሱ፣ ማንም ሳያመላክተው፣ የፍርዱ ግልባጭ ለእናቲቱ የተሰጠው ዘግይቶ መሆኑን ከመዝገቡ ላይ አየ። በደስታ ጮኸ። የንባብ ክፍል መሆኑን ረስቶት ነበር፤ መምህርቷም አልተቆጡም።

ይግባኙ ተፈቀደ። ቆይቶም ፍርዱ ተሻረ፤ እናቲቱ ከልጆቻቸው ጋር ቤታቸው ውስጥ አሉ። ሊያመሰግኑ በመጡ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ አንባቢዎችን ስታስቸግር አይተው፣ የመስኮቱን ልክ በክንዳቸው ለክተው ሄዱ። በሳምንቱ መጋረጃ ሰፍተው አመጡ።

ጠበቃው ከዚያ ወደ ዲኑ ቢሮ ሄደ። «ሕጉ መደርደሪያው ላይ ነበር። መፈለግ ያልቻልኩት እኔ ነኝ። እዚህ የተማርኩት ስለ ፍለጋ ነው እንጂ ፍለጋን አይደለም» አለ። ተግሣጹ እንዲነሣ ጠየቀ። «እናየዋለን» ተባለ።

አላየነውም። ምክንያቱን ዛሬ እንናገር። ተግሣጹን ብናነሣ፣ ኮርሱን ለምን እንደ ቀማናቸው የሚለው ጥያቄ ይከተል ነበር። እሱ ከተነሣ ደግሞ እያንዳንዳችን የምናስተምረው ይፈተን ወይ የሚለው ይመጣል። አንዲት ባልደረባን እንደ ተወቀሰች መተው ቀለለን።

በቀጣዮቹ ዓመታት የመስኮቱ ጠረጴዛ ሰው ሞላው። ከፍርድ ቤቶችና ከሌሎች ትምህርት ቤቶች የሕግ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች እየመጡ ሠለጠኑ። ለእነሱም መምህርቷ ንግግር አላደረጉላቸውም። «ጠያቂው ሲመጣ መጽሐፉን አታቀብሉት። እስካሁን የት የት እንደ ፈለገ ጠይቁት፤ የሳተበት ቦታ እዚያ ውስጥ አለ» ይሉ ነበር። ሥልጠናውን በሰጡ በወሩ ሠልጣኙን ደውለው ይፈትኑታል። ስልካቸው ሲጮህ የሚደነግጡ ባለሙያዎች እንደ ነበሩ ራሳቸው ሠልጣኞቹ በሳቅ ነግረውናል። የራሳቸውንም ዘዴ ከፈተና አላዳኑትም፤ ሲፈተን ያልረባውን ሁሉ ይጥሉት ነበር። ለብዙ ጊዜ የደከሙበትን ባለ ቀለም የሥዕል ማስተማሪያ፣ ለውጥ አላመጣም ብለው በራሳቸው እጅ ከግድግዳው አውርደዋል።

ከታመሙ በኋላ ሆስፒታል በማይሄዱባቸው ቀናት ሥራ ይገቡ ነበር። ምክትላቸው አንድ ቀን «እትዬ፣ ያንን ተግሣጽ ለምን አይከራከሩትም? ፈርተው ነው እንዴ?» ብለው ደፍረው ጠየቋቸው።

«ተከራክሬ ባሸንፍ የሚቀደደው ወረቀት ነው። አዳራሹ ያው አዳራሽ ነው። ኮርሱን ይስጡኝና ወረቀታቸውን ይያዙት» አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን «ሰው ሁሉ የሰማውን ነገር፣ ሰው ሁሉ ሳይሰማ ማንሣት ይቻላል እንዴ?» አሉ። 

ብርቱ ሴት ስለ ነበሩ አልተጎዱም ብለን ራሳችንን ስናታልል ኖረናል። ተጎድተዋል። ተግሣጹ ከተነበበ ወዲያ ወደ አዳራሹ አልገቡም። በፊት ለፊቱ ደረጃ መውጣት ትተው በጓሮው በኩል ይዞሩ ነበር። ምሳቸውን ከእኛ ጋር መብላት አቆሙ። ይህን ሁላችንም አይተናል። ሥራ በዝቶባቸው ነው ተባባልን።

ካረፉ በኋላ በተደረገው ስብሰባ የውል ሕግ መምህራችን እንዲናገሩ ሳይጠየቁ ተነሡ። እኚህ በንግግር የማይታሙ ሰው ቃል እየጠፋባቸው ነበር የተናገሩት። ካለፈው ዓመት በፊት፣ ለማንም ሳይነግሩ፣ ኮርሱን የጨረሱ ተማሪዎቻቸውን ያንኑ የተከራይ ጥያቄ ጠይቀዋቸው ነበር። ውጤቱ መምህርቷ ከሽልማታቸው በኋላ ካገኙት የተለየ አልነበረም።

«አፈርኩና ደበቅኩት» አሉ። «ለሳቸው ልነግራቸው ይገባ ነበር። ብነግራቸው ደስ የሚላቸው እንጂ የሚስቁብኝ ሴት አልነበሩም። ግቢ ውስጥ ስንገናኝ ‹እንደምን አደሩ› እላለሁ፣ አልፋለሁ። ስንት ጊዜ አለፍኳቸው!»

ማንም አላጽናናቸውም። ሁላችንም እንዳለፍናቸው አስታወስን።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው መሆኑን እያወቅን የሚከተለውን ወስነናል። በባልደረባችን ላይ የተሰጠው ተግሣጽ ከመጀመሪያውም ሐሰት ስለ ነበረ ተሽሯል፤ መሻሩም በድምፅ ማጉያ፣ ጠቅላላ ሠራተኛው በተሰበሰበበት ይነገራል። የሕግ ምርምር ዘዴ ኮርስ ከአዳራሹ ወጥቶ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይመለሳል። የሚያስተምሩትም በመምህርቷ እጅ የሠለጠኑት ምክትላቸው ይሆናሉ። የውል ሕግ መምህሩ በራሳቸው ጥያቄ በክፍሉ ውስጥ ረዳት ሆነው ይሠራሉ። ከእንግዲህ ማንም መምህር በተማሪዎች ጭብጨባ ብቻ አይመዘንም፤ ያስተማረው ከወራት በኋላ መገኘቱ ይታያል። ከዚህ የጉባኤው አባላትም አይቀሩም። ብዙዎቻችን ፈርተናል።

አዳራሹን በስማቸው ለመሰየምም አስበን ነበር። ታናሽ እህታቸው አልፈቀዱም። «ስሟን በር ላይ ትሰቅሉና ከበሩ ውስጥ ያለውን እንደ ነበረ ትተዉታላችሁ። መጀመሪያ ውስጡን አሳዩኝ» አሉን። ትክክል ናቸው። ሐሳቡን ትተነዋል።

የአካዳሚክ ጉባኤው ለታናሽ እህታቸውና ለእህታቸው ልጆች፣ አክስታቸውን እንደ እናት ላዩት፣ መጽናናትን ይመኛል። እሳቸው ሳይኖሩ በየጠዋቱ የንባብ ክፍሉን ለሚከፍቱት የቤተ መጻሕፍት ባልደረቦቻቸው፣ በየፍርድ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ለተበተኑት ሠልጣኞቻቸው፣ በቀብራቸው ላይ ከሁላችን ይበልጥ ላለቀሰው ጠበቃም እንዲሁ።

ቤተሰቡን ይቅርታ አንጠይቅም። ታናሽ እህታቸው እንደ ነገሩን ይቅር ለማለት ሥልጣን የነበራት አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ በሕይወት ሳለች ማንም አልጠየቃትም።

የሕግ ትምህርት ቤቱ አካዳሚክ ጉባኤ